የኋላ ወንበር

ቅዳሜ ማለዳ፣ ከሉድሎ ግንብ ሥር፣
ባለሁለት ኮርቻ ብስክሌት ተገትሯል፣ ሊወርድ ወደ ጠጠር።
ፊት እኔ ነኝ፤ የእኔ ነው መሪው፣ ፍሬኑ፣ ደወሉ፤
ኋላ ወንድሜ ነው፣ ክሌመንት፣ ከነባርኔጣው፣ ከነሙሉ አመሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ወንዝ ጠብቋል፤
ዓሣ ሰርቆ የሚሸሸውን በዱካው፣ በሳሉ ለይቷል።
አሁን ዓይኑ ከድቶታል፤ መሀሉ ጠቁሮ ጠርዙ ብቻ ቀርቷል፤
ፊቴን ማየት ሲሻ ወደ ጆሮዬ ያያል።

መጀመሪያ አስፋልት ነው፤ ዝም ይላል ጎማው፤
በዲንሃም ድልድይ ሥር፣ ከእርከኑ ሲወድቅ፣ ያጓራል ውኃው።
ከዚያ ጫካው መጣ፤ ከዚያ ኮረኮንቹ፤
አጥንቶቼ ሁሉ፣ ቁልፎቼም፣ ሳንቲሞቼም ባንድነት ተንጫጩ።

የእኔ ሥራ መናገር ነው፤ እንዲህ ተስማምተናል።
«ኩሬ አለ በግራ።» «አውቃለሁ፤ ይሸታል።»
«ሥር አለ፣ ተነሥ ከኮርቻህ።» «የዚያ አኻያ ነው፤ ባምናው ጎርፍ ተጋድሟል።»
«በር ነው፣ ልወርድ ነው።» «የፕሮበርት በር ነዋ፤ መቀርቀሪያው ዝጓል።»
እኔ ገና አፌን ስከፍት እሱ ጨርሶታል፤
ያም ሆኖ ዝም ካልሁ ይቆጣል።

«ኔስታ፣ ስሚ» ይለኛል፣ «ጠጠር ብዙ ዓይነት ነው፤
ይሄ ከካባ የመጣ፣ የተፈለጠ ድንጋይ፣ ጠርዙ ገና ስል ነው፤
ሲረግጡት እንደ ሸክላ ሳህን ይሰበራል ድምፁ፤
ያ ደግሞ የወንዝ ነው፤ ውኃ ሲያሸው ኖሮ ለስልሷል ገጹ፤
ያጉረመርማል እንጂ አይጮኽም።
ሣር ዝም ይላል፣ ያደባል፤ ጭቃ ጎማ ይስማል፤
በድሮው ወፍጮ በኩል፣ የጡብ ስብርባሪው፣ ቀይ ቀይ ይሰማኛል።»
ቀይ ድምፅ! ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?
አልመለሰልኝም። ዳገት ላይ ነበርን፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ።

ከዳገቱ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ፤
ቲም እንደ ጣሉት ገመድ ተጠማዞ፣ ጉም ለብሶ፣ ለሱ ገና ሳይነጋ።
በጎች ቀና ብለው ባንድ አውሬ ላይ ሁለት ራስ አይተው
በረገጉ፤ ሳማና እንጆሪ ክንዳችንን ፈጅተው፣ ጭረውና ለብልበው።
ሁለት ወጣቶች አለፉን፣ ብስክሌታቸው እንደ ፌንጣ ቀሎ፤
አንደኛው ጮኸ፣ «በርቱ አያቶች!» ብሎ።
ክሌመንት ዝም አለ። ቆይቶ ግን፦ «የኋለኛው ካቴናው ደርቋል፤
ዘይት ይቀባ በይው ስትደርሺበት።»
ስደርስበት! ሳቄ አፍኖኝ ፔዳሉን ሳትሁት።

ከመታጠፊያው ወዲያ ነው፣ ሸንበቆው ከሚያልቅበት፤
መንገዱ ለዓይኔ ደህና ነው፤ ሣር አለው፣ የትናንት ጎማ አለበት፤
ፍጥነት ጨምሬያለሁ፣ ነፋሱ ከኋላ ነው፣
«ቁሚ!» አለ።
እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።
ፍሬኑን ጨመቅሁት፤ ጠጠር ተበተነ።
ምን ሰማህ?
«ባዶ ነው» አለኝ። «ከሥራችን ያለው መሬት ባዶ ሆነ።»

ወርጄ በእግሬ ሄድሁ፤ ትከሻዬን ይዞ ተከተለኝ።
አሥር እርምጃ አይሞላም። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ሲያታልለኝ፣
ከሥሩ ወንዙ በልቶት፣ ዳርቻው እንደ ከንፈር ተንጠልጥሎ፣
ታች ጥቁር ውኃ ይዞራል፣ የሚጠብቀን መስሎ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የክሌመንት ጆሮ ግን ለእህቱም ይዘመዳል።

እዚያው ቁጭ አልን። ዳቦና አይብ ነበረን፤ እጄ ተንቀጥቅጦ ቢላውን ለእሱ ሰጠሁት።
እሱ ግን ጠጠር አነሣ፤ ወረወረና አንገቱን አዘነበለ፤
«ጠልቋል፤ ዘንድሮ ሳልሞን ይተኛበታል» አለ።
ደስ ብሎታል እኮ! መንገዳችን ተበልቶ፣
ለዓሦቹ አንድ ክፍል ተጨምሮ አይቶ።
አይቶ እላለሁ፤ ሌላ ቃል አጣሁለት።

በመልሳችን፣ በፕሮበርት ሜዳ፣ ቀጥ ባለው መንገድ፣
ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ሦስት ዙር ፔዳል ብቻ፣ በጆሮዬ ልሂድ።
ጠጠር፣ ሣር፣ ደግሞ ጠጠር፤ ቀይ ነገር አልሰማሁም።
ለእሱም ትንፍሽ አላልሁም።

«ክፈቺ» አለኝ ከኋላ።